ኩንታል የሚያርፍበት አንገት

በመተማ ቆላ የሰሊጡ ሂላ (ታጭዶ እንዲደርቅ የቆመው ክምር) ደርቆ ከተራገፈ በኋላ ሥራው የጫኝና አውራጆች ነው። ከማሳ ወደ መጋዘን፣ ከመጋዘን ወደ መኪና የሚመላለሰው 100 ኪሎ ኩንታል የሚያርፈው ማጅራትና ትከሻ ላይ ነው። ተሸካሚው ጭንቅላቱ ወደፊት ተገፍቶ፣ አገጩ ወደ ደረቱ ቀርቦ ይራመዳል። ከጭነቱ ሥር ያሉት 7 የአንገት አከርካሪዎች ግን ዘወትር የሚሸከሙት 5 ኪሎ ገደማ የሚመዝን ጭንቅላት ነው።

7 የሚለው ቁጥር በራሱ ይገርማል። በዚያው ቆላ የሚነዳው ግመልም፣ አንገተ ረጅሟ ቀጭኔም ያላቸው 7 ነው፤ የሚለያየው የእያንዳንዱ አጥንት ርዝመት ነው።

የላይኞቹ ሁለቱ ሌሎቹን አይመስሉም። የመጀመሪያው አትላስ ይባላል፤ የራስ ቅል በላዩ ተቀምጦ ወደ ታችና ወደ ላይ ይነቀነቃል። ሁለተኛው፣ አክሲስ፣ ሽቅብ የቆመ ጥርስ መሰል አጥንት አለው፤ አትላስም በካስማ ላይ እንደገባ ቀለበት ዙሪያውን ይዞርበታል። አንገት ወደ ግራና ቀኝ ከሚዞረው ግማሽ ያህሉ የሚገኘው ከዚህች አንዲት መጋጠሚያ ነው። በመካከላቸው ዲስክ፣ ማለትም በአከርካሪዎች መሃል እንደ ትራስ የሚያገለግለው ለስላሳ አካል፣ የለም። ጥርሱን ከኋላ የሚይዘው ጠንካራ ጅማት ነው፤ ከጅማቱ ጀርባ ደግሞ ኅብለ ሰረሰር ያልፋል።

ዲስክ የሚጀምረው ከአክሲስ በታች ነው። አንገት ሲጎነበስና ሲቃና ብዙ የሚሠሩት፣ ቀድመውም የሚያረጁት በ5ኛውና በ6ኛው፣ በ6ኛውና በ7ኛው መካከል ያሉት ናቸው። በዚያ የሚወጣ ነርቭ ሲጨቆን ሕመሙ አንገት ላይ አይቀርም፤ በክንድ ወርዶ አውራ ጣትን ወይም የመሃል ጣትን ያደነዝዛል። ብዙ ሠራተኛ እጁ የታመመ የሚመስለው ለዚህ ነው። ሰሊጥ አጫጁም ከዚህ አያመልጥም፤ ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ብሎ ወደፊት ለማየት አንገቱን ሲያቃና ነርቮቹ የሚወጡባቸው ቀዳዳዎች ይጠባሉ።

በመተማና በቋራ የሚኖሩ የጉሙዝ ሴቶች ሸክማቸውን በትከሻ ላይ በተጋደመ እንጨት ግራና ቀኝ አንጠልጥለው ይሄዳሉ። ክብደቱ ትከሻቸውን ቢጫንም ጭንቅላታቸው ቀና እንዳለ ይቆያል፤ አንገት የሚወደው አቋም ይህ ነው።

የዓለም ሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1967 ባወጣው ምክረ ሐሳብ አንድ ጎልማሳ ወንድ ዘወትር የሚሸከመው ከ55 ኪሎ እንዳይበልጥ ጠይቋል። ኩንታሉ የዚያ እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው። ሰሊጡን በ50 ኪሎ ጆንያ መሙላት ብቻ እንኳ የብዙ ሰው አንገት ያተርፋል።

ከሁሉ የሚከፋው ከነሸክም መውደቅ ነው። ከ3ኛው እስከ 5ኛው ያሉት የአንገት ነርቮች የምንተነፍስበትን ጡንቻ ያዝዛሉ፤ ኅብለ ሰረሰሩ ከእነርሱ በላይ ከተጎዳ እስትንፋስ ሊቆም ይችላል። ስለዚህ ወድቆ አንገቱን ያመመውን ሰው ወጌሻ እንዲያሸው ወይም እንዲጠመዝዘው መስጠት አደገኛ ነው። ራሱና አንገቱ ሳይነቃነቁ፣ በጠፍጣፋ ነገር ላይ ተጋድሞ ወደ ጤና ተቋም ይወሰድ። እጅና እግሩ ከዛለ ወይም ከደነዘዘ ሳያድር ወደ ጎንደር ሆስፒታል መላክ አለበት።