የወላይታ ሴት ልጆች ከፍተኛ ትምህርት፦ የቤተሰብ ድካምና የአገልግሎት ጥያቄ

በወላይታ ሴት ልጅን እስከ ዩኒቨርሲቲ የማስተማር ጉዳይ ከመሬት ጥበት ተነጥሎ አይታይም። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው ቆጠራ የዞኑ ሕዝብ 1.5 ሚሊዮን ገደማ ነበር፤ በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ከ300 በላይ ሰው ይኖር ነበር ማለት ነው። የአባት ማሳ ለልጆች ሲከፋፈል ለእያንዳንዱ የሚደርሰው እያነሰ በሄደ ቁጥር፣ ወላጅ ሊያወርስ የሚችለው ዋና ሀብት ትምህርት ሆነ። መሬት በልማድ ለወንድ ልጅ የሚተላለፍ በመሆኑ ደግሞ፣ ብዙ ሴት ልጆች ከቤተሰባቸው የሚደርሳቸው ዘላቂ ሀብት ትምህርት ብቻ ነው።

ይህን ውርስ የቤት ሥራ ይሻማዋል። እንሰት መፋቅ፣ ውሃ መቅዳት፣ እንጨት መልቀም፣ ታናናሾችን መጠበቅ በአብዛኛው የሴቶች ድርሻ ነው። ልጅቷ የጥናት ሰዓት የምታገኘው ሌላ ሰው ሥራዋን ሲረከብላት ነው፤ ብዙውን ጊዜ ተረካቢዋ እናት ናት። የደብተሩና የመጓጓዣው ወጪም እናት በገበያ ቀን ከምትሸጠው ቅቤ ወይም ስኳር ድንች፣ አለዚያም ከደረሳት እቁብ ይወጣል። ዲግሪው ላይ የአንዲት ልጅ ስም ይጻፍ እንጂ፣ ያ ዲግሪ በቤቱ ሰው ሁሉ ጉልበት የተገኘ ነው። ስለ ሴት ተማሪዎች ውጤት በአደባባይ ሲወራ ይህ እውነት ተገቢውን ቦታ አያገኝም።

በ1999 ዓ.ም. የተቋቋመው ወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ርቀትን ከነስጋቱ የሚያስቀር መስሎ ነበር። ይሁንና የመንግሥት ተማሪዎች ምደባ የሚካሄደው በማዕከል ስለሆነ፣ የሶዶ ልጅ ወደ ሩቅ ክልል ልትመደብ ትችላለች። የዩኒቨርሲቲው ቅርበት የታየው በሌላ በኩል ነው። ዩኒቨርሲቲው በኦቶና ሆስፒታል ሐኪሞችንና ነርሶችን እያሠለጠነ የአካባቢውን ሕመምተኛ ያክማል። ቀድሞ ሴት ሐኪም አይታ የማታውቅ የገጠር ልጅም እዚያ ታያታለች።

የተማረ ሰው ለአገሩ ምን ይመልስ የሚለው ጥያቄ ከዩኒቨርሲቲው በብዙ ይቀድማል። በ1957 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ እንዲያገለግሉ የሚያስገድድ ሥርዓት ተጀመረ። የ1967ቱ የእድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ 60 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎችንና መምህራንን ወደ ገጠር አሰማራ። በ1971 የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ከተሰጠባቸው 15 ቋንቋዎች አንዱ ወላይትኛ ነበር። በዚያ ዘመን አገልግሎት ማለት ከከተማ ወደ ገጠር የሚወርድ ሥራ ነበር፤ ዘማቹ ከሌላ ቦታ መጥቶ ተመልሶ ይሄድ ነበር።

በ1990ዎቹ አጋማሽ የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን መርሐ ግብር ይህን አካሄድ ለወጠው። ለየቀበሌው የሚመደቡት ሁለት ሴቶች አሥረኛ ክፍል የጨረሱ፣ የአካባቢውን ቋንቋ የሚናገሩና አንድ ዓመት የሠለጠኑ ነበሩ። ለወላይታ ቤተሰብ ይህ ትልቅ ማስረጃ ሆነ፤ የተማረች ልጅ ከቀዬዋ ሳትርቅ ደመወዝ እንደምታገኝና ለጎረቤት እንደምትተርፍ በዓይን ታየ።

ለሴቶች ትምህርት ሕጉም ድጋፍ ይሰጣል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 35 በሴቶች ላይ የደረሰውን የቆየ መድልዎ ለማካካስ ልዩ ድጋፍ እንዲደረግ ይደነግጋል፤ በዚህ መሠረት ለዩኒቨርሲቲ መግቢያ የሴቶች መቁረጫ ነጥብ ዝቅ ሲል ቆይቷል። ነገር ግን ነጥብ መቀነስ ብቻውን የቤቱን ሥራ አያቀልም። እገዛው የሚደርሰው ከፈተናው በኋላ ሲሆን፣ ልጅቷ የጥናት ጊዜ ያጣችው ከዚያ በፊት ባሉት ዓመታት ነው። የወጪ መጋራት ሥርዓቱም እንዲሁ ለምግብና ለመኝታ የወጣውን እንዲሁም የትምህርቱን ወጪ ከፊል ተመራቂዋ በኋላ ከገቢዋ እንድትከፍል ያደርጋል እንጂ፣ እናት አስቀድማ ያወጣችውን አይቆጥርም።

ከ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ወዲህ በሩ ይበልጥ ጠቧል። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት በጀመረበት በዚያ ዙር፣ በመላ አገሪቱ ከ896 ሺህ በላይ ተፈታኞች መካከል የማለፊያ ነጥብ የሆነውን 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2016 ቁጥሩ 5.4 በመቶ ደረሰ። ካላለፉት መካከል የተሻለ ውጤት ያላቸው ዩኒቨርሲቲ ለመግባት እንደገና እንዲሞክሩ የማካካሻ ትምህርት ተከፍቷል። ወደዚያ ለምትገባ ልጅ ግን ቤተሰቧ ሥራዋን ሸፍኖ ወጪዋን የሚችልበት ጊዜ ይረዝማል። በማሳ ጥበት ለሚኖር ቤት፣ ልጅቷ ትቀጥል ወይስ ትመለስ የሚለው ክርክር የሚነሳው በዚህ ጊዜ ነው።