ድራማችን መንገድ ላይ የሚደክመው ለምንድን ነው?

ጉለሌ ውስጥ የተከታታይ ድራማ ወሬ ሲነሳ ማሳረጊያው ብዙ ጊዜ አንድ ነው፦ «መጀመሪያ ላይማ ጥሩ ነበር።» ሽሮ ሜዳ የሸማ ሱቅ ውስጥም፣ አዲሱ ገበያ ሻይ ቤትም፣ ቀጨኔም ይኸው ይባላል። ይህን የሚለው ሰው ድራማውን የጠላ አይደለም። ሳምንት ሙሉ የጠበቀ፣ መብራት ሲጠፋበት ያመለጠውን ክፍል ጎረቤት አስተርኮ የሰማ፣ የገጸ ባሕርያቱን ስም እንደ ዘመድ ስም የሚጠራ ተመልካች ነው። ስለዚህ አባባሉ በቁም ነገር ሊታይ ይገባዋል። ድራማዎቻችን ሁለተኛና ሦስተኛ ምዕራፍ ላይ ሲደርሱ የሚደክሙት ለምንድን ነው? የሚያገግሙትስ መቼ ነው? መልሴን አስቀድሜ ልናገር። የድካሙ ምንጭ በአብዛኛው የተሰጥኦ ማነስ አይደለም። ታሪኩ የት እንደሚያበቃ ሳይወሰን መጀመሩ ነው፤ ሳይወሰን የሚጀመረውም የገንዘቡ መምጫ መንገድ መጨረሻን ስለሚያስፈራ ነው።

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራ የጀመረው ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም. ነው። ለብዙ ዓመታት የቴሌቪዥን ድራማ ማለት በአንድ ምሽት ወይም በጥቂት ክፍል የሚያልቅ ሥራ ነበር። ደራሲዎቹና ተዋንያኑ ከቴአትር ቤት የመጡ፣ መጋረጃው የሚዘጋበትን ሰዓት አስቀድመው የሚያውቁ ሰዎች ነበሩ። እየተቀጠለ የሚሄድ ታሪክን የለመድነው ከሬዲዮ ነው። ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው ሀገር ጆሮውን ሰጥቶ ይጠብቅ ነበር። ያ ታሪክ ግን ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. አሳትመው የጨረሱት ነው። ተራኪው በድምፁ ሊያደምቀው እንጂ ሊያስረዝመው አይችልም፤ ስፖንሰር ተገኘ ተብሎም ሰብለ ወንጌል ሌላ ምዕራፍ አይጨመርላትም።

ከዚያ ወዲህ ደግሞ «የቀን ቅኝት» መጣ። ፖፑሌሽን ሚዲያ ሴንተር ያዘጋጀው ይህ የሬዲዮ ድራማ ከግንቦት 1994 እስከ ኅዳር 1997 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ሬዲዮ የተላለፈ ሲሆን 257 ክፍሎች ነበሩት። ጭብጡ የቤተሰብ ምጣኔና ኤችአይቪ ነበር። አሠራሩ ሜክሲኳዊው ሚጌል ሳቢዶ ከነደፈው ዘዴ የተቀዳ ነው፦ አርአያ የሚሆኑ ሰዎች አሉ፣ መጥፎ ምሳሌ የሚሆኑ አሉ፣ በመሃል ደግሞ ወዲህና ወዲያ የሚዋልሉ አሉ። የሁሉም ዕጣ ከመነሻው ታስቦበታል። 257 ክፍል ለየትኛውም ደራሲ ከባድ ሸክም ነው፤ አድማጩ ግን እስከ መጨረሻው አልተለየውም። ዛሬም ድረስ የገጸ ባሕርይዋን የፍቅርተን ስም የሚያስታውሱ ሰዎች አሉ። ትምህርት ለመስጠት የተሠራ ድራማ ለመዝናኛ ከተሠሩት ብዙዎቹ በተሻለ መልኩ አካሄዱን ጠብቆ መዝለቁ ሊያስገርም ይችላል። ምክንያቱ ግን ግልጽ ነው፤ መነሻውና መድረሻው በወረቀት ላይ ነበር፣ ወጪውም በየሳምንቱ ማስታወቂያ ላይ የተንጠለጠለ አልነበረም።

በቴሌቪዥን የተከታታይ ድራማ ጥማት በእውነት የተቀሰቀሰው በ2000ዎቹ የመጀመሪያ ዓመታት ነው። የአዳነች ወልደገብርኤል «ገመና» የቤተሰብን ጓዳ ከፍቶ አሳየ፤ ሰው በየመሥሪያ ቤቱ በማግስቱ የሚያወራው እሱን ሆነ። «ገመና 2» ሲመጣ ግን ከመጀመሪያው ጋር እየተነጻጸረ ነው የታየው። በኋላ በብዙ ድራማዎች ላይ የሚደጋገመው ፈተና እዚህ ጋ ይታያል። የመጀመሪያው ምዕራፍ ኃይል ምስጢር ነው፤ ምስጢሩ ከወጣ በኋላ ደራሲው ሌላ ምስጢር ይፈልጋል ወይም የወጣውን ለማራዘም ይገደዳል። የልጁ እውነተኛ አባት ማን ነው የሚለው ጥያቄ አንድ ጊዜ ያሳዝናል፣ ሁለተኛ ጊዜ ያጓጓል፣ በሦስተኛው ተመልካቹ ከገጸ ባሕርያቱ ቀድሞ ያውቀዋል።

«ሰው ለሰው» ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም ጥንካሬውም ፈተናውም ሌሎቹን ያስረዳል። ደራሲው መስፍን ጌታቸው ነው። አበበ ባልቻ የተጫወተው አስናቀ አሻግሬ በሀገራችን ቴሌቪዥን ከታዩ ክፉ ሰዎች ሁሉ በጉልህ የሚታወስ ነው፤ ሕፃናት ሳይቀሩ ስሙን ያውቁት ነበር። አስናቀ ድራማውን ከፍ ያደረገው ስለሚጮህ ወይም ስለሚደባደብ አልነበረም። ዝግ ብሎ የሚናገር፣ ቤተሰብ ያለው፣ በከተማው ውስጥ ልናገኘው የምንችል ዐይነት ሰው ስለሆነ ነው። ግን እንዲህ ያለ ገጸ ባሕርይ ለደራሲው ዕዳ ይሆንበታል። አስናቀ ከተያዘ ድራማው አለቀ። ካልተያዘ ደግሞ ፖሊሱም ተበዳዩም በየሳምንቱ ለጥቂት እያመለጣቸው የሚቀሩ ሰዎች ይሆናሉ፤ እየቆየም የእነሱ ብልህነት ይጠረጠራል። በመሃሉ ክፍሎች ላይ ብዙዎቻችን «አሁንስ በዛ» ያልነው ለዚህ ይመስለኛል። ድራማውን ያዳነው የመጨረሻውን ውሳኔ መድፈሩ ነው፤ ሲያበቃ ከተማው እንደገና ወደ እሱ ተመለሰ። መስፍን ቀጥሎ «ዘመን»ን ጻፈ፣ በ2013 ዓ.ም. በኮቪድ ሕመም አረፈ። እኔ እንደማስበው ለእንዲህ ያለ ደራሲ ልንሰጠው ይገባን የነበረው ጊዜና አብሮት የሚጽፍ ሰው ነበር።

አንድ ሰው ብቻውን በየሳምንቱ የሚጽፈው ድራማ ብዙ ጊዜ የሚደክመው ደራሲው ሲደክም ነው። ተመልካቹ ሳሎን ውስጥ የሚያየው ክፍል ከጥቂት ሳምንታት በፊት የተቀረጸ፣ ከዚያም ትንሽ ቀደም ብሎ የተጻፈ ሊሆን ይችላል። ስክሪፕቱ ሲዘገይ ቀረጻው ይጣደፋል። ቀረጻው ሲጣደፍ ደጅ የሚወጣው ትዕይንት ይቀራል፤ ደጅ መውጣት መኪና፣ ፈቃድ፣ የሰው ጥበቃና ጊዜ ይጠይቃልና። ስለዚህ ድራማው ቀስ በቀስ ወደ ሳሎን ይገባል። ሁለት ሰዎች ሶፋ ላይ ተቀምጠው ሦስተኛው ሰው ያደረገውን ይነጋገራሉ፤ ድርጊቱን ግን አናየውም። አንድ ድራማ እየወረደ መሆኑን ለማወቅ ከፈለጉ ከስንት ትዕይንት ስንቱ ለቀረጻ በተከራዩት ቪላ ውስጥ እንደሆነ ይቁጠሩ።

ይህን ስል ጉለሌ ላይ ቆሜ ነው። የሽሮ ሜዳ ሸማኔ፣ የቀጨኔ ሸክላ ሠሪ፣ ከእንጦጦ እንጨት ተሸክማ የምትወርድ እናት፣ ጳውሎስ ሆስፒታል ደጃፍ ላይ የሚያድር አስታማሚ፣ እነዚህ ሁሉ በአንድ ክፍለ ከተማ የሚገኙ ታሪኮች ናቸው። ብዙዎቹ ድራማዎች ግን ከቦሌ ቪላና ከድርጅት ባለቤት ቢሮ ብዙም አይርቁም። ሀብታም ቤት ውስጥ የሚካሄድ የውርስ ጠብ ለአንድ ምዕራፍ ይበቃል። ሥራና ሰፈር ያለው ገጸ ባሕርይ ግን ሥራው ራሱ ታሪክ ይወልድለታል፤ ደራሲው በየምዕራፉ አዲስ አፈና ወይም የመኪና አደጋ መፈለግ አይኖርበትም።

የተዋናይ ነገርም አለ። ዋናው ተዋናይ ወደ ውጭ ሀገር ሲሄድ፣ በክፍያ ሲለያይ ወይም ሌላ ሥራ ሲይዝ ገጸ ባሕርዩ «ወደ አሜሪካ ሄደ» ይባላል፣ አለዚያ ይሞታል፣ ወይም በሌላ ፊት ይመለሳል። ይህ የእኛ ብቻ አይደለም። የአሜሪካው «ዳላስ» እ.ኤ.አ. በ1986 የሞተውን ሰው ለመመለስ ሲል ያለፈውን አንድ ዓመት ሙሉ ሕልም ነበር ብሎ ሰርዞታል። ተመልካቹ ይቅር ቢለውም አመኔታው እንደ ቀድሞው አልሆነም። ሞት የማይጸና ከሆነ ሐዘንም አይጸናም።

አሁን ወደ ገንዘቡ። በሀገራችን የተለመደው አሠራር ፕሮዲዩሰሩ ስፖንሰር ፈልጎ፣ ከጣቢያው ጋር የአየር ሰዓቱንና የማስታወቂያውን ገቢ ተዋውሎ መሥራት ነው። ታዲያ ስፖንሰር ያለው ድራማ ቢያበቃ ገቢው አብሮ ያበቃል፤ አዲስ ድራማ ይዞ ከዜሮ መጀመር ደግሞ አስፈሪ ነው። ስለዚህ ያለቀ ታሪክ ይቀጠላል። ሳይቸግር ጤፍ ብድር እንዲሉ፣ የጠፋ ወንድም ይመጣል፣ የተደበቀ ኑዛዜ ይገኛል። በሌላ በኩል ስፖንሰሩ በድንገት ሲወጣ ያላለቀ ታሪክ ይቋረጣል። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የአልኮል መጠጥ ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ሲከለክል ከመዝናኛው ዘርፍ ዋና ዋና ከፋዮች አንዱ የነበረው የቢራ ኢንዱስትሪ ከስክሪኑ ወጣ። እገዳው ለጤና የታሰበ ነውና አልቃወመውም፤ ለድራማ ሠሪዎቹ ግን ምትክ የገቢ ምንጭ አልታሰበላቸውም። በዓመቱ መጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮሮና ገባ፣ ቀረጻም ተስተጓጎለ።

ከዚህ ሁሉ በፊት ቃና መጥቶ ነበር። በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቃና ቴሌቪዥን የውጭ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ ሲያቀርብ የጥበብ ባለሙያዎች ብርቱ ተቃውሞ አሰሙ። ክርክሩ በባህልና በሥራ ዕድል ላይ ያተኮረ ነበር። ያልተነገረለት ግን አንድ ነገር አለ። «ጥቁር ፍቅር»ና መሰሎቹ ወደ እኛ የመጡት ቱርክ ውስጥ ተሠርተው ካለቁ በኋላ ነው። እዚያ በየሳምንቱ እየተጠበቀ የታየውን እኛ በየዕለቱ፣ ያለ ምዕራፍ ዕረፍት ተመለከትነው። መሃሉ ላይ ቢላላም ነገ ይታያልና ችለነው አለፍን። የእኛው ድራማ ግን በሳምንት አንድ ቀን ይመጣል፤ አንድ ደካማ ክፍል ማለት የሁለት ሳምንት ቅሬታ ነው። ምዕራፉ አልቆ ለወራት ሲጠፋ ደግሞ ተመልካቹ ገመዱን ይረሳል። ያላለቀን ከተጠናቀቀ ሥራ ጋር ስናወዳድር ፍርዳችን ያደላል፤ ይህን ለሠሪዎቻችን ልናስብላቸው ይገባል።

ሲትኮም የተለየ ዕድሜ አለው። የጥላሁን ጉግሳ «ቤቶች» ለዓመታት የዘለቀው በየሳምንቱ የራሱን ጉዳይ ከፍቶ ስለሚዘጋ ነው። የድካሙ ምልክትም ሌላ ነው፦ ሰዎቹ ቀስ በቀስ የራሳቸው የተለመደ አነጋገር ብቻ ይሆናሉ። በ2011 ዓ.ም. በፋና ቴሌቪዥን ይታይ የነበረው የበኃይሉ ዋሴ «ምን ልታዘዝ» ደግሞ አንድ ካፌን ሀገር አድርጎ ፖለቲካውን ይተች ነበር። ጉልበቱ ትኩስነቱ ስለነበረ እንዲህ ያለው ሥራ አጭር ዕድሜ ቢኖረው አያሳፍርም።

ከዓለም ልምድ ለእኛ ይጠቅማል የምለው የ«ሎስት» ነው። ድራማው በሦስተኛው ምዕራፍ ሲዳከም ጸሐፊዎቹና ኤቢሲ የተባለው ጣቢያ እ.ኤ.አ. በ2007 ተነጋግረው በ2010 እንዲያበቃ አስቀድመው ወሰኑ። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ክፍል ወደ አንድ ቦታ መሄድ ጀመረ፤ ስለ መጨረሻው ዛሬም ክርክር ቢኖርም ማገገሙን ብዙዎች መስክረውለታል። በተቃራኒው በአዲስ አበባ ፊልም ቤቶች በሲዲ የተቸበቸበው «ፕሪዝን ብሬክ» ስሙ የገባውን ቃል በመጀመሪያው ምዕራፍ ማብቂያ ፈጸመ፤ የቀረው የሚሄድበትን የማያውቅ ሩጫ ሆነ። «ጌም ኦፍ ትሮንስ»ም የተመሠረተባቸው መጻሕፍት ሳያልቁ ቀደማቸውና እ.ኤ.አ. በ2019 ሲዘጋ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰዎች የመጨረሻው ምዕራፍ እንደ አዲስ ይሠራልን ብለው ፈረሙ። ገንዘብ ሞልቶም መድረሻው ካልጠራ ከመውደቅ አያድንም።

በእኛም ዘንድ የተስፋ ምልክት አለ። በአርትስ ቴሌቪዥን የቀረበውን «እረኛዬ»ን አዜብ ወርቁ፣ ቤዛ ኃይሉና ቅድስት ይልማ በጋራ ጻፉት፣ ቅድስት አዘጋጀችው። ሦስት ሰው ሲጽፍ አንዱ የደከመበትን ሌላው ያነሳል፤ የንግግሩ ውበትና የሴቶቹ ገጸ ባሕርያት ጥልቀት የዚያ ፍሬ ነው። ዲኤስቲቪ ላይ እ.ኤ.አ. በ2021 የተከፈተው አቦል የተባለው ጣቢያ ደግሞ እንደ «ደራሽ» እና «አስኳላ» ያሉ ሥራዎችን በራሱ ወጪ አሠርቶ ማቅረብ ጀመረ፤ ፕሮዲዩሰሩ በየሳምንቱ ማስታወቂያ ፍለጋ አይሮጥም። ዩቲዩብም በውጭ ያለውን ኢትዮጵያዊ ተመልካች አምጥቷል። ግን የዩቲዩብ ገቢም በአብዛኛው የሚመጣው ከማስታወቂያ ነውና ለማስረዘም ያለውን ፈተና አያስቀርም፤ እንዲያውም ሊያባብሰው ይችላል።

ለጣቢያዎቻችንና ለስፖንሰሮች የማቀርበው ጥያቄ ይህ ነው። ውሉን በክፍል ብዛት ሳይሆን በሙሉ ምዕራፍ ግቡ፤ የመጨረሻው ክፍል ስክሪፕት ተጽፎ ሳታዩ የመጀመሪያውን አታስተላልፉ፤ ከአንድ በላይ ደራሲ የሚከፈልበት በጀት መድቡ። ታሪኩን በክብር የጨረሰ ቡድን ለሚቀጥለው ሥራው ቅድሚያ ይሰጠው። እኛም ተመልካቾች፣ «ለምን አበቃ?» ብለን ከመጮኻችን በፊት በጊዜው ያበቃውን እናመስግን።