የጀርመን ሥነ ጽሑፍ ዳታቤዞች፦ ተረትና እውነታ

ተረት፦ «ጉግል ላይ ካልተገኘ የለም ማለት ነው።»

እውነታው፦ ብዙ ጥናት የሚያበላሸው ይህ እምነት ነው። የጀርመን ምሁራን ከመጽሔት ሌላ በጋራ መድብልና ለአንጋፋ መምህር ክብር በሚዘጋጅ መጽሐፍ ውስጥ አብዝተው ይጽፋሉ። ጉግል የመድብሉን ርእስ ያገኘው ይሆናል፤ በውስጡ ስለ ካፍካ የተጻፈችውን አንዲት አጭር ጥናት ግን ብዙ ጊዜ አያሳይም። ያን ክፍተት የሚሞላው ሃንስ ኤፕልስሃይመር በፍራንክፈርት የጀመረው የጀርመን ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ ጥናት ቢብሊዮግራፊ ነው። የመጀመሪያው ቅጽ የታተመው በ1957 ሲሆን ከ1945 እስከ 1953 የወጡትን ጥናቶች ይዟል (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ባለሙያዎች መድብሉን ገልጠው፣ እያንዳንዱን ጽሑፍ በጸሐፊውና በርእሰ ጉዳዩ ለይተው ይመዘግባሉ። ከ1985 ወዲህ ያለው በኢንተርኔት ይፈለጋል። ከዚያ ለቀደመው የታተሙትን ቅጾች ማገላበጥ ግድ ነው። ይህን ሳያደርጉ «እስካሁን ማንም አልጻፈበትም» ብሎ መመረቂያ ጽሑፍ መጀመር የሌሎችን ድካም እንደሌለ መቁጠር ነው።

ተረት፦ «ዳታቤዙ መጽሐፉን ራሱን ይሰጣል።»

እውነታው፦ ቢብሊዮግራፊ ጽሑፉ መኖሩን ብቻ ይነግራል። በየትኛው ቤተ መጻሕፍት እንደሚገኝ የካርልስሩኸ ማውጫ ያሳያል፤ የደራሲያን ደብዳቤና የእጅ ጽሑፍ ደግሞ በበርሊን የመንግሥት ቤተ መጻሕፍት ስር ባለው ካሊዮፔ በተባለ ማውጫ ይፈለጋል።

ተረት፦ «ጥሩው ሁሉ በገንዘብ የተቆለፈ ነው።»

እውነታው፦ የተቆለፈ አለ፤ ትልልቆቹ መሣሪያዎች ግን ክፍት ናቸው። ግሪም ወንድማማቾች በ1838 ጀምረውት፣ ያኮብ በ1863 ሲሞት ገና «ኤፍ» ፊደል ላይ የነበረው መዝገበ ቃላት በ1961 በ32 ቅጽ ተጠናቋል። ዛሬ የትሪር ዩኒቨርሲቲ በነጻ ያቀርበዋል። የበርሊን-ብራንደንቡርግ አካዳሚ ያዘጋጀው የጀርመንኛ ጽሑፎች ስብስብም ከ1600 እስከ 1900 ገደማ የታተሙ ሥራዎችን በነጻ ያስነብባል። ከ1901 የአጻጻፍ ስምምነት በፊት ብዙ ቃላት ዛሬ ከምናውቀው በተለየ ፊደል ይጻፉ ነበር፤ የዚህ ስብስብ ትልቁ ጥቅም ቃሉን በዛሬው አጻጻፍ ብትፈልጉትም የጥንቱን አብሮ ማምጣቱ ነው።

ተረት፦ «እነዚህ ማውጫዎች ለጀርመንኛ አጥኚ ብቻ ናቸው።»

እውነታው፦ የ17ኛውን ክፍለ ዘመን ኅትመት የሚመዘግበው ማውጫ ቋንቋ አይመርጥም፤ በጀርመንኛ ተናጋሪው ምድር ከ1601 እስከ 1700 የታተመውን ይሰበስባል። ከአባ ጎርጎርዮስ የተማረው ኢዮብ ሉዶልፍ የኢትዮጵያን ታሪክ በ1681፣ የአማርኛን ሰዋስው በ1698 በፍራንክፈርት ያሳተመው በላቲን ነው፤ ሁለቱም የዚህ ማውጫ ድርሻ ናቸው። የአገራችንን የቆየ ታሪክ የምታጠኑ ሁሉ፣ ጀርመንኛ ባትችሉም የሉዶልፍን ስም አስገብታችሁ ፈልጉ፤ ክፍያ አይጠይቅም።