የጣና ዳር ምቾትና የእጅ ባለሙያው ድርሻ

ኖርዌያዊው አሳሽ ቶር ሄየርዳል የጥንት ሰዎች በደንገል ጀልባ አትላንቲክን መሻገር ይችሉ እንደነበር ለማሳየት ሲነሣ ደንገሉን ያሳጨደው ከጣና ነበር። እ.ኤ.አ. በ1969 ያ ደንገል ግብፅ ድረስ ተጓጉዞ ከጊዛ ፒራሚዶች አጠገብ «ራ» የተባለች ጀልባ ሆነ። የሠሯት ግን ከቻድ ሐይቅ የመጡ ሰዎች ናቸው። «ራ» ካሰበችው ሳትደርስ ቀረች። በዓመቱ ሁለተኛዋ ተሠራች፤ ደንገሉ አሁንም የኢትዮጵያ ነው፣ ሠሪዎቹ ግን ከቦሊቪያ፣ ከቲቲካካ ሐይቅ መጡ። እሷ ከሞሮኮ ሳፊ ወደብ ተነሥታ በ57 ቀን ባርቤዶስ ገባች። ደንገል አስሮ ሐይቅ የሚቀዝፈው የጣና ሰው በዚህ ሁሉ ታሪክ ውስጥ በእጁ ሳይሆን በደንገሉ ብቻ ነው የሚታወሰው።

በባሕር ዳርና በጣና ዙሪያ ስለ ቅንጦትና ስለ እጅ ሥራ የሚነሣው ክርክር ሥሩ እዚህ ነው። ሐይቁን ለእንግዳ የሚያቀርበው ድርጅት ከአካባቢው ምን ይወስዳል? ለባለሙያውስ ምን ይመልሳል?

ሐይቁን የሚያይ ቦታ መቼም ቢሆን ፈላጊ አጥቶ አያውቅም። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዐባይን ቁልቁል በሚያየው የቤዛዊት ኮረብታ ላይ ቤተ መንግሥት አሠሩ። ጣናና ግዮን ሆቴሎች ለረጅም ጊዜ በመንግሥት እጅ ሆነው ዳርቻው ላይ ኖሩ። ቀጥሎ የግል ባለሀብቱ መጣ፤ አሜሪካ ቦስተን ውስጥ በስፓ ሥራ የቆዩት አቶ ታዲዮስ ጌታቸው ቢሾፍቱ ላይ የጀመሩትን ኩሪፍቱ ሪዞርትን ወደ ጣና አሻገሩት። በሰሜኑ ዳርቻ፣ ጎርጎራ ላይ ደግሞ መንግሥት በ2012 ዓ.ም. ማብቂያ «ገበታ ለሀገር» ብሎ፣ ለአንድ የእራት ወንበር እስከ 10 ሚሊዮን ብር እያስከፈለ በሰበሰበው ገንዘብ ሪዞርት ሠራ።

በአገራችን ደህና በሚባል ሆቴል ሁሉ የእጅ ሥራ አይጠፋም። እንግዳ መቀበያው ላይ መሶብ፣ ትራሱ ላይ ጥበብ፣ ግድግዳው ላይ ደግሞ ፀሐይ ስትጠልቅ የተነሣ የታንኳ ፎቶግራፍ አለ። አንድ ጊዜ ተገዝቶ አሥር ዓመት የሚቀመጥ መሶብ ግን ጌጥ ነው እንጂ ገበያ አይደለም። ስፌት የምትሰፋ ሴት አክርማና ስንደዶ የምትገዛው፣ ቀለም የምትነክረው፣ ለልጇም የምታስተምረው ነገ የሚገዛት እንዳለ ስታውቅ ነው።

የዓለም ታላላቅ የቅንጦት ኩባንያዎች በዚህ ረገድ ሁለት መንገድ ይዘዋል። አንደኛው የስም መንገድ ነው። ሉዊ ቪቶንን የያዘው ኤልቪኤምኤች እ.ኤ.አ. በ2014 ፍራንክ ጌሪ የነደፈውን የሥነ ጥበብ ማዕከል ፓሪስ ላይ ከፈተ፤ በ2019 ቤልሞንድ የተባለውን የሆቴሎችና የባቡሮች ድርጅት ጠቀለለ፤ በሥሩ ያለው ሎዌ ደግሞ ከ2016 ጀምሮ ለእጅ ባለሙያዎች ዓለም አቀፍ ሽልማት ያዘጋጃል። ሁለተኛውን መንገድ ሻኔል ይዞታል። እ.ኤ.አ. በ1985 የልብስ ቁልፍ ሠሪውን ዴሩን ገዛ፤ በ2002 ጥልፍ ቤቱን ለሳዥን ጨመረ፤ በ2022 ደግሞ እነዚህንና መሰሎቻቸውን «19ኤም» በሚባል አንድ ሕንፃ ሰበሰበ። የተገዙት የእጅ ሥራ ቤቶች ለተፎካካሪ ልብስ ቤቶች ጭምር እንዲሠሩ ተፈቅዶላቸዋል። እኔ ከሁለቱ ይኼኛው ይበልጥብኛል። ሻኔል ይህን ያደረገው ለጽድቅ አይደለም፤ ጥልፈኛው ከጠፋ ቀሚሱ እንደማይኖር ስለገባው ነው።

ጣና ላይ የሚጎድለውም ይኼው ነው። የሪዞርቱ ዋና ሸቀጥ አየሩና ሐይቁ፣ ማለትም ከመስኮቱ የሚታየው ነው። የታንኳ ሠሪው ሙያ ነገ ቢቀር የአልጋው ዋጋ አንድ ብር አይቀንስም፤ እንግዳው በሐይቁ ውስጥ ወዳሉት ገዳማት የሚሻገረው በሞተር ጀልባ ነውና። ስለዚህ ባለሀብቱን «እጅ ሥራን ደግፍ» እያሉ መለመን ብዙ ርቀት አያስኬድም። ድጋፉ በዓል ሲመጣ ይመጣል፣ ገቢ ሲቀንስ መጀመሪያ የሚቆረጠውም እሱ ነው።

ጥንት ግን ሐይቁ ሌላ ዓይነት ደንበኛ ነበረው። እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው መቶ ዘመን ደቅ ደሴት ላይ ናርጋ ሥላሴን ሲያሠሩ ሠዓሊው እሳቸውንም ከእመቤታችን እግር ሥር እንደወደቁ አድርጎ ሣላቸው። ከፍሎ ያሠራ ሰው ሥዕሉ ውስጥ ይገባል፤ ይህ በጊዜው ደንብ ነበር። ከዚያ ቀደም፣ በ15ኛው መቶ ዘመን፣ ዳጋ እስጢፋኖስ ገዳም ያለች አንዲት የእመቤታችን ሥዕል ላይ የተጻፈው ይበልጥ ይገርማል። ሥዕሉ በንጉሡ በዘርአ ያዕቆብ ዘመን፣ በዳጋው አበምኔት በይስሐቅ ጊዜ መሠራቱን ይናገርና ሠዓሊው ፍሬ ጽዮን መሆኑን ይጨምራል። ንጉሡ፣ አበምኔቱና ሠሪው በአንድ ጽሑፍ ላይ በየስማቸው ቆመዋል። ዛሬ በአንድ የሆቴል ክፍል ውስጥ ያለውን ጋቢ ማን እንደሸመነው የተጻፈበት ወረቀት ብትፈልጉ ማግኘታችሁን እጠራጠራለሁ።

ያን ዘመን ለማሞገስም አልቸኩልም። ሠዓሊው ሲከበር ሸማኔው፣ ቀጥቃጩ፣ ፋቂውና ሸክላ ሠሪዋ ይሰደቡ ነበር፤ ዐፄ ምኒልክ በአዋጅ እስኪከለክሉ የደረሰ ስድብ ነው፣ ከአዋጁም በኋላ ፈጥኖ አልሞተም። ጣና ዳር ይህ ነገር ከሁሉ የከበደው በነገደ ወይጦ ላይ ነው። ድሮ ጉማሬ ያድኑ የነበሩት፣ ደንገል አጭደው ታንኳ የሚያስሩት እነሱ ናቸው። የእርሻ መሬት አልነበራቸውም፤ ጎረቤቱም ማዕድ አያጋራቸውም ነበር። ባሕር ዳር ስትሰፋና ዳርቻው ሲወደድ ከውኃው እየራቁ ሄዱ። ደንገሉም አብሮ ሸሸ፤ ውኃው ሲጎድል የሚታረሰው መሬት፣ ከልክ ያለፈው አጨዳና የዳርቻው ግንባታ አሳሱት። እ.ኤ.አ. ከ2011 ወዲህ ደግሞ እንቦጭ የተባለው አረም መጣ።

ታንኳ ዕድሜው አጭር ነው። ደንገል ውኃ ይጠጣል፤ በየጊዜው ከሐይቁ ወጥቶ ካልደረቀ ይበሰብሳል፣ ደርቆም ቢሆን ወራት ቢያገለግል ነው። ሠሪው እንግዲህ ዓመቱን ሙሉ ትኩስ ደንገል ይፈልጋል። ለታንኳ ሠሪ ሥልጠናና የምስክር ወረቀት ሰጥቶ የሚያጭድበትን ዳርቻ ማጠር ምን ዓይነት ድጋፍ እንደሆነ አይገባኝም።

ከሽመናው በኩል የተሻለ ምሳሌ አለ፤ ፎገራ ወረዳ ያለው የአውራምባ ማኅበረሰብ ከእርሻው ጎን በሽመና ራሱን ችሎ ኖሯል። አዲስ አበባ ላይ ሳባሃር የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ የጥጥና የሐር ሥራ ወደ ውጭ ይልካል። ሞዴሏ ሊያ ከበደም በ2007 «ለምለም» የተባለውን የልብስ ድርጅት ያቋቋመችው የሸማኔዎቻችን ገበያ መድከሙን አይታ ነው። ሁለቱም የሠሩት ሻኔል ከሠራው ይቀራረባል፤ ንግዳቸው በባለሙያው እጅ ላይ የቆመ ነው። በአንጻሩ በእንግዳ ብቻ የሚኖር ገበያ ምን እንደሚገጥመው ባሕር ዳር በቅርቡ አይታዋለች። መጀመሪያ ኮሮና መጣ፤ እ.ኤ.አ. ከ2023 አጋማሽ ወዲህ ደግሞ በአማራ ክልል ያለው ጦርነት ጎብኚውን አስቀረው፣ ከእሱም ጋር አገልግልና ስፌት ሻጯን ባዶ እጇን አስቀመጣት።

ታዲያ ሪዞርቱ ባለሙያውን እንዲፈልገው ማድረግ የሚችለው ማነው? መልሱ ያለው መሬቱ ላይ ይመስለኛል። የከተማ መሬት የሕዝብና የመንግሥት ነው፤ ባለሀብቱ የሚይዘው በሊዝ ነው። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 ግንባታው መቼ እንደሚጀመርና መቼ እንደሚያልቅ በውል እንዲታሰር ያደርጋል። በዚያው ውል ውስጥ ለሐይቅ ዳር ሆቴል ሌሎች አንቀጾችን መጨመር ይቻላል። የአልጋ ልብሱን፣ መጋረጃውንና የገበታ ዕቃውን ከአካባቢው ማኅበራት በዓመታዊ ትእዛዝ ይግዛ። የሠሪው ስም ዕቃው ላይ ይጻፍ። ለታንኳ ማስሪያ ወደ ውኃው የሚወስድ መንገድ ክፍት ይሁን። ጎርጎራ ላይ ደግሞ አሠሪው መንግሥት ራሱ ስለነበረ ለማስፈረም ሌላ ባለሀብት መጠበቅ አያስፈልግም።

ደንገሉን በተመለከተ ሕጋዊ በር አለ። ጣና እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ቦታ ሆኖ ተመዝግቧል፤ ይህ አሠራር ዋናውን ክፍል ከልክሎ፣ በዙሪያው ባለው ክፍል ተፈጥሮን የማይጎዳ አጠቃቀም ይፈቅዳል። በልክ የሚታጨድ ደንገል ከዚህ ውስጥ ይገባል። የሚቀረው የአጨዳው ቦታና ወቅት ሲወሰን ነገደ ወይጦ ከውሳኔው ጠረጴዛ ዙሪያ መቀመጣቸው ነው፤ ስለ ሐይቁ ሲመከር እነሱ የሚጠሩት ታንኳ ቀዝፈው ለበዓል ድምቀት እንዲሆኑ ብቻ መሆን የለበትም።