ከጤና መኮንንነት ወደ ዶክተርነት

በቦንጋ ከተማና በካፋ ወረዳዎች ሕዝቡ የሚያክመውን ሁሉ «ዶክተር» ብሎ ይጠራል። ነጭ ጋውን የለበሰው ሰው ነርስ ይሁን ጤና መኮንን ለታማሚው ልዩነት የለውም። ጤና መኮንኑ ራሱ ግን ልዩነቱን ያውቀዋል፤ ምጥ የጠናባትን ወላድ ሌሊት በዝናብ ከጨና ወይም ከዴቻ ወደ ቦንጋው ገብረ ጻድቅ ሻዎ ሆስፒታል በሚልክበት ሰዓት የእጁ ችሎታ የት ላይ እንደሚያበቃ ይታየዋል። ብዙዎች «ሕክምና ልማር» የሚል አሳብ የሚያድርባቸው ከእንዲህ ያለ ሌሊት በኋላ ነው። ደመወዙና ክብሩም ይስባል፤ ይህን መደበቅ አያስፈልግም።

እንደሚታወቀው የጤና መኮንንነት ሙያ በአገራችን የተጀመረው በ1947 ዓ.ም. በጎንደር በተከፈተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ነው። ጥቂት ቀደም ብሎ በደንቢያ ሜዳ የተነሣው ወባ ብዙ ሰው ፈጅቶ ነበር፤ በአገር ውስጥም ሐኪም የሚያስተምር ፋኩልቲ ገና አልነበረም። ኮሌጁ ጤና መኮንኑን፣ የኅብረተሰብ ነርሷንና የሳኒቴሽን ሠራተኛውን በአንድነት አሠልጥኖ ወደ ገጠር ጤና ጣቢያዎች ይልክ ነበር፤ ምንጭ ማጎልበትና መጸዳጃ ማስቆፈር መርፌ ከመውጋት ያላነሰ ሥራቸው ነበር። የአዲስ አበባው የሕክምና ፋኩልቲ የተከፈተው ከዚያ አሥር ዓመት ያህል ቆይቶ ነው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ የጎንደሩ ኮሌጅ ሐኪሞችን ወደ ማስተማር ሲዞር የጤና መኮንኖች ሥልጠና ተቋረጠ፤ የተመለሰውም በ1980ዎቹ መጨረሻ ነው።

ዶክተር ለመሆን የሚሻ ጤና መኮንን መንገዱ ቀጥ ያለ መስሎት እንዳይሳሳት እንወዳለን። ለዓመታት ያከመ ሰው ወደ ሕክምና ትምህርት ቤት ሲገባ በማዕርግ ላይ ማዕርግ አይጨምርም፤ እንደ አዲስ ተማሪ አናቶሚና ባዮኬሚስትሪ ይዞ ይቀመጣል። በ2004 ዓ.ም. መንግሥት በ13 ተቋማት የጀመረው አዲሱ የሕክምና ትምህርት መርሐ ግብር ግን በጤናና በተፈጥሮ ሳይንስ ዲግሪ ያላቸውን ሰዎች በመግቢያ ፈተና እየመረጠ በመቀበሉ፣ ለጤና መኮንኖችና ለነርሶች በር ከፈተ። አመልካቹ የዓመቱን ማስታወቂያ በጊዜው ይመልከት፤ የአገልግሎት ግዴታ ያለበት እንደ ሆነም የመልቀቂያውን ነገር አስቀድሞ ከመሥሪያ ቤቱ ጋር ይጨርስ። በየዓመቱ ሰዎችን የሚያሰናክለው ከፈተናው ይልቅ ወረቀቱ ይመስለናል።

ትዳርና ልጆች ላሉት ሰው ደመወዝ አቋርጦ ለዓመታት መማር ቀላል አይደለም። በመሐሉ ሌላ መንገድ አለ። ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ በጅማ፣ በሐዋሳና በመቀሌ ዩኒቨርሲቲዎች የተጀመረው የድንገተኛ ቀዶ ሕክምናና የማዋለድ ሁለተኛ ዲግሪ ጤና መኮንኑን ወላድ በቀዶ ሕክምና ለማዋለድ ያበቃዋል። በዚያች ሌሊት የጎደለው የእጅ ችሎታ ብቻ ከሆነ፣ እዚያው ሙያው ውስጥ ሳለ ሊያገኘው ይችላል ማለት ነው። የበሽታን ሥር መመርመር የሚወድ፣ የውስጥ ደዌን ወይም የሕፃናትን ሕክምና የሚያስብ ግን ሐኪም ቢሆን ይሻለዋል፤ ይህንም በራሱ ላይ ሳያታልል ይመዝን።

ከሁሉ የሚያሳስበን ጤና ጣቢያው ነው። ጤና መኮንኑ ለትምህርት ሲሄድ የሚቀረው የመድኃኒት ማዘዣ ወንበር ብቻ አይደለም፤ የትኛው ቀበሌ ከየትኛው ወንዝ እንደሚጠጣ፣ ተቅማጥ ከዝናቡ በኋላ ከየት እንደሚነሣ የሚያውቅ ሰው ነው የሚለየው። ስለዚህ ከመሄዱ በፊት ይህን ዕውቀት ለተተኪውና ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በመዝገብ ጽፎ እንዲያስረክብ እንጠይቃለን፤ እርሱም ዶክተር ሆኖ ሲመለስ ሆስፒታሉ ወንዙን እንዳያስረሳው።

የከተማችን መምህራንም በዚህ ድርሻ አላችሁ። ጤና መኮንኑ ተረኛ ሆኖ ካደረ በኋላ የሚያጠናው ብዙውን ጊዜ ብቻውን ነው፤ የተማረው ኬሚስትሪም ርቆታል። መጽሐፍ ያላችሁ አውሱት፤ ሰንበት ከሰዓት በኋላ አንድ ሰዓት ብትሰጡትም ያልገባውን ይጠይቃችኋል።