የኪስ ባትሪ ስትገዙ ካርቶኑን በካልኩሌተር ፈትሹት

በየሱቁና በየመንገዱ ዳር የሚሸጡትን ትንንሽ የእጅ ባትሪዎች ካርቶናቸውን አንብባችሁ ታውቃላችሁ? ከእጅ መዳፍ በማትበልጥ ባትሪ ላይ «10,000 ሉመን»፣ «1,000 ሜትር ድረስ ታበራለች»፣ «10 ሰዓት ትቆያለች» የሚል ተጽፎ ታገኛላችሁ። ዋጋዋ ደግሞ ርካሽ ነው። ሻጩን ብትጠይቁት «ኦሪጅናል ናት» ይላችኋል፤ እሱም ቢሆን የሚያውቀው ካርቶኑ ላይ ያነበበውን ነው። ደስ የሚለው ነገር፣ ይህን ለማጣራት ላቦራቶሪ አያስፈልግም። ማባዛትና ማካፈል የሚችል ሰው የስልኩን ካልኩሌተር ከፍቶ፣ እዚያው ሱቁ በር ላይ እንደቆመ እውነቱን ሊደርስበት ይችላል።

መጀመሪያ ግን አንድ የቃል ጣጣ እናስተካክል። በአማርኛ «ባትሪ» ስንል የምታበራዋን ዕቃም፣ ውስጧ ገብቶ ኃይል የሚሰጣትንም ማለታችን ነው። ለሁለተኛው ግን የራሱ ስም አለን፦ የባትሪ ድንጋይ። በዚህ ጽሑፍ የምታበራዋን ባትሪ፣ ኃይል የሚይዘውን ደግሞ ድንጋይ እንላለን፤ ዘመናዊውንና ቻርጅ የሚደረገውን የሊቲየም ድንጋይ ጨምሮ። (ሊቲየም የሚለው ስም ራሱ የመጣው በግሪክ «ድንጋይ» ከሚል ቃል ነው። ስለዚህ አባባላችን ያን ያህል ኋላ ቀር አይደለም።)

ሉመን በነፃ አይመጣም

ሉመን ማለት ከአንድ መብራት የሚወጣው ጠቅላላ የብርሃን መጠን ነው። ይህ ብርሃን የሚመጣው ከኤሌክትሪክ ኃይል ነው፤ ኃይሉ የሚለካው ደግሞ በዋት። ቀጭን ሽቦ በማጋል የሚያበራው የድሮው አምፖል አብዛኛውን ኃይል ወደ ሙቀት ስለሚቀይረው፣ ከአንድ ዋት የሚሰጠው 15 ሉመን ቢሆን ነው። ኤልኢዲ የተለየ ነው። በአብዛኞቹ ነጭ ኤልኢዲዎች ውስጥ ሰማያዊ ብርሃን የምታወጣ ጥቃቅን ቁራጭ አለች፤ ላይዋ የተቀባው ቢጫ ንጥረ ነገር ከሰማያዊው ከፊሉን ወደ ቢጫ ይቀይረዋል፤ ሁለቱ ሲደባለቁ ዓይናችን ነጭ ያያል። ሰማያዊዋን ቁራጭ መሥራት ለብዙ ዓመታት አስቸግሮ ነበር። ኢሳሙ አካሳኪ፣ ሂሮሺ አማኖና ሹጂ ናካሙራ በ2014 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት ያገኙት ይህን በመፍታታቸው ነው።

ደህና የምትባል የኪስ ባትሪ ከአንድ ዋት 100 ሉመን አካባቢ ታወጣለች። ጥሩዎቹ ትንሽ ይበልጣሉ፣ ደካሞቹ ያንሳሉ፤ 100 ግን ለሂሳብ ይመቻል፣ እሱን እንያዝ።

አሁን ወደ ካርቶኑ። 10,000 ሉመንን ለ100 ስናካፍል 100 ዋት ይመጣል። ከዚህ ውስጥ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ሙቀት ሆኖ ነው የሚወጣው። ሬዲዮና ስልክ ጠጋኞች ቆርቆሮ የሚያቀልጡበት መሣሪያ ብዙ ጊዜ ከ30 እስከ 60 ዋት ነው። በሌላ አነጋገር፣ ካርቶኑ እውነት ቢሆን ኖሮ ባትሪዋን ለአንድ ሁለት ደቂቃ እንኳን በእጃችሁ መያዝ አትችሉም ነበር።

ቆይታዋስ? ብዙ የኪስ ባትሪዎች ውስጥ የሚገባው የሊቲየም ድንጋይ 18650 ይባላል። ቁጥሩ ሚስጥር የለውም፤ 18 ሚሊ ሜትር ውፍረት፣ 65 ሚሊ ሜትር ርዝመት ማለት ነው፤ መጨረሻ ላይ ያለው ዜሮ ቅርጹ ክብ መሆኑን ያመለክታል። በዚህ መጠን ከሚሠሩት ጥሩ የሚባለው 3,500 ሚሊአምፔር-ሰዓት ገደማ ይይዛል፣ ቮልቴጁም 3.6 ነው። 3.5 ሲባዛ በ3.6፣ 12.6 ዋት-ሰዓት። ይህን ኃይል በ100 ዋት ብትጨርሱት የሚቆየው 7 ደቂቃ ተኩል ነው። 10 ሰዓት የሚለው ከየት መጣ?

ይኸው ሂሳብ ተገልብጦም ይሠራል፣ እንዲያውም ዋናው ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው። 12.6 በ100 ሲባዛ 1,260 ይሆናል። ይህን ኪሳችሁ ውስጥ እንዳለ 1,260 ብር ቁጠሩት። በሰዓት 1,000 ካጠፋችሁ ከአንድ ሰዓት ትንሽ አልፎ ያልቃል። በሰዓት 100 ካጠፋችሁ ሙሉ ሌሊት አንግቶ ይተርፋል። በሰዓት 10 ከሆነ ደግሞ አምስት ቀን ያዘልቃችኋል። ካርቶኑ የፈለገውን ይበል፣ ከዚህ በጀት በላይ የሚያወጣ ባትሪ የለም።

ድንጋዩ ራሱ የሚዋሽበት ጊዜም አለ። «9,900 ሚሊአምፔር-ሰዓት» የሚል 18650 ካያችሁ አትግዙት፤ በዚያ መጠን እንዲህ ያለ ድንጋይ አይሠራም። አንዳንዱ ከውስጡ ትንሽ አሮጌ ድንጋይ ተደርጎ በሽፋን የተጠቀለለ ነው። እውነተኛው ከ45 እስከ 50 ግራም ይመዝናል። ወርቅ ቤት ወይም ቅመም የሚመዝን ጓደኛ ካላችሁ አስመዝኑት፤ ከ40 በታች ከሆነ ጠርጥሩ። ይህ የገንዘብ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ጥራቱ ያልታወቀ የሊቲየም ድንጋይ ቻርጅ ሲደረግ ሊፈነዳና እሳት ሊያስነሳ ይችላል፣ ብዙዎቻችን ደግሞ ቻርጅ ላይ የምንሰካው ልንተኛ ስንል አልጋ አጠገብ ነው።

ለመሆኑ ስንት ሉመን ይበቃናል?

እዚህ ላይ ዓይናችን በጣም ይተባበረናል። ብርሃን በእጥፍ ሲጨምር ዓይን «እጥፍ ሆነ» አይልም። እጥፍ መስሎ እንዲታየን ብርሃኑ ወደ አራት እጥፍ መድረስ አለበት። ስለዚህ 1,000 ሉመን ከ250 ሉመን ጋር ሲነጻጸር የሚደምቀው እጥፍ ያህል ብቻ ነው፤ ድንጋዩን የሚጨርሰው ግን በአራት እጥፍ ፍጥነት። በእኔ ግምት የኪስ ባትሪ ገዢ ማወቅ ካለበት ሁሉ ትልቁ ይህ ነው።

መብራት ሲሄድ ቤት ውስጥ ምግብ ለማብሰል ወይም ለማጥናት ከ20 እስከ 50 ሉመን ይበቃል። የተኙ ሰዎችን ሳትቀሰቅሱ ጫማችሁን ለመፈለግ አንድ ሉመን እንኳን አያንስም። ለምን ብትሉ፣ በጨለማ ውስጥ ዓይን ሙሉ በሙሉ ለመላመድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይወስድበታል፤ ከለመደ በኋላ ትንሽ ብርሃን ብዙ ነው። በዚያን ጊዜ ኃይለኛ ብርሃን ብታበሩበት የለመደውን በሰከንድ አፍርሳችሁ እንደገና ማስጠበቅ ነው። ማታ በእግር ለመሄድ 100 ወይም 150 ሉመን ጥሩ ነው። ከዚያ በላይ ያለው «ምንድን ነው እዚያ የሚንቀሳቀሰው?» ለሚባልባት አፍታ ይጠቅማል፣ ቢኖር አይከፋም።

እንግዲህ ባትሪዋ ከፍተኛው ላይ ስንት ታወጣለች ከማለታችሁ በፊት ዝቅተኛው ላይስ ስንት ነው ብላችሁ ጠይቁ። ሦስት ወይም አራት ደረጃ ያላት፣ ስትበራም ከዝቅተኛው የምትጀምር ትመረጣለች። ለመድረስ አምስት ጊዜ መጫን የሚያስፈልገው፣ ብልጭ ድርግም የሚልና የኤስኦኤስ ምልክት የሚልክ ነገር የተሞላባት ባትሪ ግን በየቀኑ ታበሳጫለች።

አንድ ዘዴ ልንገራችሁ። ቤት ውስጥ ባትሪዋን ጠረጴዛ ላይ አቁማችሁ ወደ ኮርኒስ አብሩ። ብርሃኑ ነጩ ኮርኒስ ላይ ተበትኖ ክፍሉን በሙሉ ያዳርሰዋል፣ የማንንም ዓይን አይወጋም። ለዚህ ጀርባዋ ጠፍጣፋ የሆነና ሳትወድቅ የምትቆም መሆን አለባት። ብርጭቆ ውስጥ ማቆምም ይቻላል፣ ግን ተስተካክላ ስትቆም ያምራል።

«1,000 ሜትር»

ርቀት ሌላ ነገር ነው፤ የሚወሰነው በሉመን ብቻ ሳይሆን ብርሃኑ ምን ያህል ተሰብስቦ በመውጣቱም ነው። ይህ በካንዴላ ይለካል። ብዙ አምራቾች የሚከተሉት መስፈርት «እዚህ ድረስ ታበራለች» የሚለው ብርሃኑ 0.25 ሉክስ እስከሚሆንበት ቦታ ነው። ያ ሙሉ ጨረቃ በጠራ ሌሊት መሬት ላይ ከምትጥለው ብርሃን ጋር ይቀራረባል። በዚያ ርቀት ላይ የቆመ ሰው ጥላው ይታያችሁ ይሆናል እንጂ ማን እንደሆነ አትለዩም። ብርሃን ደግሞ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ወደ ሩብ ይወርዳል፤ ስለዚህ ሁለት እጥፍ ለመራቅ አራት እጥፍ ካንዴላ ያስፈልጋል። 1,000 ሜትር ለመድረስ 250,000 ካንዴላ ነው የሚፈለገው። ይህ ሰፊ አንጸባራቂ ይጠይቃል፤ አምስት ሳንቲም በምታህል መስታወት የሚሆን አይደለም።

ለከተማ ሰው ግን ርቀት ያን ያህል አያስፈልገውም። ማታ የሚያሰጋን ክዳኑ የተነሳ የፍሳሽ ጉድጓድ ያለው ከፊታችን ሁለት ሦስት እርምጃ ላይ ነው። ሰፋ አድርጋ የምትበትን ባትሪ ጉድጓዱንም ዳርና ዳሩንም ታሳያለች። ብርሃኗን እንደ ቀጭን ዘንግ ወደ ፊት የምትወረውር ባትሪ ደግሞ ከሩቁ ግንብ ላይ ነጭ ክብ እያሳየች እግራችሁን ጨለማ ውስጥ ትተወዋለች።

ቆይታ ላይም እንዲሁ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በዚሁ መስፈርት «4 ሰዓት ትቆያለች» ማለት ብርሃኗ ከመጀመሪያው አንድ አሥረኛ እስኪደርስ ያለው ጊዜ ነው። 1,000 ሉመን ብላ ጀምራ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ 300 ላይ ልትወርድ ትችላለች። ይህ ሁልጊዜ ብልሽት አይደለም። ስትግል ራሷን ዝቅ የምታደርግ ባትሪ ኤልኢዲውንም ድንጋዩንም የእናንተንም እጅ እያዳነች ነው።

ስለ ድንጋይ ምርጫ ትንሽ ልጨምር። የግድግዳ ሰዓት ውስጥ የሚገባው ተራ ድንጋይ 1.5 ቮልት ሲሆን የሚይዘው ከ2 እስከ 3 ዋት-ሰዓት ነው፤ ከ18650 አንጻር ሩብ አይሞላም። ነጭ ኤልኢዲ ደግሞ 3 ቮልት ገደማ ይፈልጋል። ስለዚህ በአንድ ድንጋይ የምትሠራ ባትሪ ውስጥ ቮልቴጁን ከፍ የሚያደርግ ትንሽ ሰርኪት አለ። ርካሾቹ ይህን ወጪ ለመሸሽ ሦስት የሪሞት ድንጋይ ይደረድራሉ፤ ተቆጣጣሪ ስለሌላቸው ከመጀመሪያዋ ደቂቃ ጀምሮ እየፈዘዙ ይሄዳሉ። የተራ ድንጋይ ጥቅሙ በየትኛውም ሱቅ መገኘቱ ነው። ክፍለ ሀገር የምትኖሩ ወይም መብራት ለቀናት የሚጠፋበት አካባቢ ያላችሁ ይህን አስቡበት። ቻርጅ ማድረጊያ ባለበት ለሚኖር ግን የሊቲየሙ ይሻላል፣ በተለይ ባትሪዋ በስልክ ገመድ ቻርጅ የምትሆን ከሆነች። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ 14500 የሚባለው የሊቲየም ድንጋይ ከሰዓት ድንጋይ ጋር በቁመትም በውፍረትም አንድ ዓይነት ነው፤ ቮልቴጁ ግን ከሁለት እጥፍ ይበልጣል። ባትሪዋ ትቀበላለች ተብሎ ካልተጻፈ አትሞክሩት፣ ታቃጥሏታላችሁ። ትርፍ የሊቲየም ድንጋይንም ከቁልፍና ከሳንቲም ጋር ኪስ ውስጥ አትክተቱ፤ ብረት ሁለቱን ጫፎች ካገናኘ በሰከንዶች ይግላል።

«ስልኬ ላይ ባትሪ አለ እኮ» የምትሉ አትጠፉም። ለአንድ ደቂቃ ልክ ናችሁ። ነገር ግን መብራት በጠፋበት ምሽት የስልካችሁ ኃይል ለመደወያ የሚፈለግ ነው፤ ለመብራት የሚውለው ትርፍ ሲኖር ነው።

ቀለምን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ርካሽ ኤልኢዲዎች ብርሃናቸው ወደ ሰማያዊ ያደላል፣ ቀይ ነገር ላይ ደካማ ናቸው። ቀይና ቡናማ ሽቦ ለሚለይ፣ ቁስል ለሚያይ፣ ወይም በማታ ሽሮና በርበሬ ለሚያነሳ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። መለኪያው ከ100 ይሰጣል፤ 90ና ከዚያ በላይ በጣም ጥሩ ነው። ካርቶኑ ላይ ካልተጻፈ መዳፋችሁ ላይ አብሩ። የሬሳ እጅ ከመሰለ ተዉት። እኔ በበኩሌ ቀለም በትክክል ለምታሳይ ባትሪ ስል ጥቂት ሉመን አጣለሁ።

ከገዛችሁ በኋላ ደግሞ የራሳችሁን ሙከራ ሥሩ። ማታ ባትሪዋን ምንጣፍና ጨርቅ በሌለበት ጠረጴዛ ላይ ወደ ኮርኒስ አቁሙ። ስልካችሁ ላይ የብርሃን መለኪያ መተግበሪያ ጭናችሁ ስልኩን አንድ ቦታ ሳታንቀሳቅሱ አስቀምጡ፣ በየአምስት ደቂቃው የሚያሳየውን ቁጥር ጻፉና በግራፍ አስቀምጡት። ቁጥሩ ሉመን ባይሆንም ለውጡን በደንብ ያሳያል። መስመሩ ለረጅም ጊዜ ጠፍጣፋ ሄዶ በመጨረሻ ቁልቁል ከወረደ፣ ውስጧ ጥሩ ተቆጣጣሪ ሰርኪት አለ። ከመጀመሪያው እያዘቀዘቀ ከሄደ የለም። በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች እንደ ደረጃ ዝቅ ብሎ ከዚያ ጠፍጣፋ ከሆነ፣ ሙቀት ፈርታ ራሷን አውርዳለች፤ በዚያ ጠፍጣፋ ላይ የቆየችበትን ሰዓት ቁጠሩና ካርቶኑ ላይ ካለው ጋር አስተያዩት።