በአንድ ቤት ሁለት ባንዲራ

እ.ኤ.አ. በ2008 በቤጂንግ ኦሊምፒክ ባልና ሚስት በሁለት ባንዲራ ሥር ሜዳሊያ አጠለቁ። ባል አንድሪ ስታድኒክ በ66 ኪሎ ነፃ ትግል ለዩክሬን ብር፣ ሚስት ማሪያ ስታድኒክ ደግሞ በ48 ኪሎ ለአዘርባጃን ነሐስ። ማሪያም የተወለደችው በዩክሬኗ ልቪቭ ከተማ ነው። ያኔ ገና 20 ዓመቷ ነበር።

አገር የቀየረ ስፖርተኛ ሲነሳ ቶሎ የሚመጣልን መልስ «ገንዘብ» ነው። ነዳጅ ያላት አዘርባጃን ከውጭ የሚመጡ ስፖርተኞችን እንደምትቀበል እኛም እናውቃለን፤ መቀሌ የተወለደው ሯጭ ሃይሌ ኢብራሂሞቭ በ2013 በ3 ሺህ ሜትር የአውሮፓ የቤት ውስጥ ሻምፒዮን የሆነው ለዚችው አገር ሮጦ ነው። የትግልን ሕግ ማየት ግን ሌላም ነገር ያሳያል። በኦሊምፒክ አንድ አገር በአንድ የክብደት ምድብ የሚያሰልፈው አንድ ሰው ብቻ ነው። የሴቶች ትግል ኦሊምፒክ ውስጥ በገባበት በ2004 አቴንስ ላይ አራት ምድቦች ብቻ ነበሩ፤ የ48 ኪሎውን ወርቅ የወሰደችውም ዩክሬናዊቷ ኢሪኒ መርሌኒ ነበረች። እኛ ገበያ ላይ የምንሠራ ሰዎች ይህ አይጠፋንም፤ ዕቃው የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን መደርደሪያ ላይ ቦታ ካላገኘ ገዢ አያየውም። በትግል ሁለት ነሐስ ስለሚሰጥ፣ ቤጂንግ ላይ መርሌኒና ማሪያ በአንድ መድረክ ጎን ለጎን ቆሙ፤ አንዷ ለዩክሬን፣ አንዷ ለአዘርባጃን።

ማሪያ በቀጣዩ ዓመት የዓለም ሻምፒዮን ሆነች። ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ ግን ከወርቁ ይልቅ ይስባል። ከቤጂንግ እስከ ቶኪዮ ባሉት ዓመታት ሁለት ልጆች አሳድጋለች። ከወሊድ በኋላ ሰውነትን መመለስ ምን ማለት እንደሆነ እናት አንባቢዎቻችን ያውቁታል። ለእሷ ግን ጉዳዩ የድሮው ቀሚስ ልክ መሆን አለመሆኑ አልነበረም። በዚህ ስፖርት ሚዛን ምሕረት የለውም፤ በ2024 ፓሪስ ላይ ህንዳዊቷ ቪኔሽ ፎጋት በ50 ኪሎ ለፍጻሜ ከደረሰች በኋላ በ100 ግራም ትርፍ ተሰርዛለች። አንድ የሾርባ ሳህን የማይሞላ ነገር!

በ2012 ለንደን ላይ ማሪያ ለፍጻሜ ደርሳ የመጀመሪያውን ዙር አሸነፈች፤ ቀጣዮቹን ሁለት ዙሮች ግን ጃፓናዊቷ ሂቶሚ ኦባራ ወሰደች። ብር። በ2016 ሪዮ ላይ ደግሞ ከሌላዋ ጃፓናዊት ከኤሪ ቶሳካ ጋር ተገናኝታ እየመራች ነበር። ሰዓቱ ሊያልቅ ሰከንዶች ሲቀሩት ቶሳካ እግሯን ይዛ ጣለቻት፤ ውጤቱ 3 ለ 2 ሆነ። እንደገና ብር። ብዙዎች እዚህ ላይ ቢያቆሙ ማን ይወቅሳቸዋል? እሷ ግን የምድቧ ክብደት ወደ 50 ኪሎ ከተቀየረ በኋላ፣ በ2019 ለሁለተኛ ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን ሆነች፤ ከመጀመሪያው ድሏ ልክ አሥር ዓመት በኋላ።

በ2021 በተካሄደው የቶኪዮ ኦሊምፒክ በ33 ዓመቷ ነሐስ ጨመረች። አራት ኦሊምፒክ፣ አራት ሜዳሊያ፣ ወርቅ የለም። ውጤት ለመግዛት ለጥቂት ጊዜ ያስፈረሟት ናት ለሚል ሰው፣ ከቤጂንግ እስከ ቶኪዮ ያሉት 13 ዓመታት ለጥቂት ጊዜ ውል ትንሽ የሚረዝሙ ይመስለኛል። በ36 ዓመቷ ፓሪስ ላይም ተወዳደረች፤ ያለ ሜዳሊያ ተመለሰች።